በወንድሙ ስም አቤት ያለው ወታደር

ቁርሴን ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ሌላ ጊዜ የማላውቀውን ቁጥር አላነሳም፤ ያን ቀን ግን እጄ ቀደመኝ።

"እንዴት አደሩ? ጸሐፊው ነዎት?" አለኝ የደከመ የሽማግሌ ድምፅ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጸሐፊ ብሎ የሚጠራኝ የለም። ነኝ አልኩ።

"ሰይድ ወደ አኼራ ሄደ። ዛሬ ሱብሒ ላይ ነው ያረፈው። ቀብሩ ከዙህር በኋላ ነው። ስሞት ለጸሐፊው ንገሩልኝ ይል ነበርና አደራውን ላድርስ ብዬ ነው።"

"ማን ልበል?"

"እንድሪስ ነኝ፣ ታላቁ።"

 ነገሩን ለማያውቅ ሰው እዚህ ላይ ግራ የሚያጋባ ነገር የለም። ሰይድ ሞተ፣ ታላቅ ወንድሙ እንድሪስ ደወለ፣ በቃ። ለእኔ ግን እንድሪስ ማለት የሞተው ሰው ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በመዝገብ ላይ የጻፍኩት፣ ስንቅ ያወጣሁለት፣ ስድስት ማመልከቻ በታይፕ የመታሁለት "ወታደር እንድሪስ አሊ" ብዬ ነው። እውነተኛው እንድሪስ ግን በሕይወቱ አንድም ቀን የወታደር ልብስ ለብሶ አያውቅም።

ጃኬቴን ደረብኩና ከወልድያ መናኸሪያ የመርሳ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። መንገዱ ረጅም አይደለም። ሲሪንቃን እስክናልፍ ድረስ ግን የዕድሜዬን ግማሽ ወደ ኋላ ሄጄ ነበር።

በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ በደርግ ዘመን፣ እኔ ወልድያ ዳር ከነበረው የጦር ሰፈር ጸሐፊ ነበርኩ። ከመዝመቴ በፊት ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። የእጅ ጽሑፌ ቆንጆ ነው ተባለና ከጠመንጃ ይልቅ የጽሕፈት መኪና ሰጡኝ። ዕድለኛ ነበርኩ፤ ዕድለኛ መሆኔንም አውቃለሁ። ወደ ሰሜን ግንባር የሚሄዱትን ስም የምጽፈው እኔ፣ ያልተመለሱትን ስም የምሰርዘውም እኔ ነበርኩ። ይህን ሥራ የሠራ ሰው ስም ሲጠራ ሲሰማ ትንሽ ደንገጥ ይላል። እኔ እስከ ዛሬ ድረስ እደነግጣለሁ።

እንድሪስ አሊ ከመርሳ ወዲያ ካለችው ከግራና ከመጡት ምልምሎች አንዱ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ እጀ ትልቅ። የዩኒፎርሙ እጅጌ ከአንጓው በላይ ይቀራል። መዝገቡ ዕድሜው ሃያ ዘጠኝ ነው ይላል፤ ፊቱ ላይ ግን አንዲት ጢም የለችም። ጠመንጃውን እንደ ሞፈር ትከሻው ላይ ያጋድመውና ሁለት እጆቹን ከላይ ያንጠለጥላል። አሠልጣኙ ጉሮሮው እስኪደርቅ ይጮህበታል። እሱ ያወርደዋል፤ አሥር እርምጃ ሳይሄድ ጠመንጃው ተመልሶ ትከሻው ላይ ነው።

ሌላው ጠባዩ ስሙ ሲጠራ አለመስማቱ ነው። ጠዋት ሰልፍ ላይ "እንድሪስ አሊ!" ይባላል። ዝም። ደግመው ይጠራሉ። ዝም። አጠገቡ የቆመው በክርኑ ሲጎሽመው ነው ብንን ብሎ "አቤት!" የሚለው። ወታደሩ "አቤት በማግስቱ" የሚል ስም አወጣለት። እሱ አይቆጣም፤ አብሮ ይስቃል።

ምሽግ ቆፍሩ ሲባል ግን ከእሱ የሚደርስ አልነበረም። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ የዝናብ ውሃ ማፋሰሻው የተስተካከለ። አንድ ቀን ሻምበላችን ሊጎበኝ መጣና የምሽጉ አፋፍ ላይ አረንጓዴ ነገር በመደዳ በቅሎ አየ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ሽንኩርት ነው ጌታዬ።"

"ምሽግ ላይ?"

"አፈሩ ተቆፍሮ ለስልሶ፣ ዝም ብሎ ይተኛ እንዴ?"

ሻምበሉ የከተማ ሰው ነው፤ ጨጓራውን ስለሚያመው ብዙ ጊዜ ፊቱ አይፈታም። ያን ቀን ሳቀ። ሽንኩርቱ ሲደርስም ከበላተኞቹ አንዱ እሱ ነበር።

ልጁ ግን ደስተኛ አልነበረም። ሥራ ሲፈታ ከመጋዘኑ ኋላ ሄዶ ፊቱን ወደ መርሳ አዙሮ ይቀመጣል። አንድ ቀን ባዶ ሜዳ ላይ በወንጭፍ ድንጋይ ሲወረውር አገኘሁት። ምን እያደረግህ ነው ስለው፣ "ማሽላው አሽቷል ጋሼ፣ ወፍ እየበላው ነው" አለኝ። እዚያ አካባቢ የማሽላ ዘር የሚባል የለም። ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

በዚያው ሳምንት ቢሮዬ መጣ።

"ጋሼ፣ ቀድሞ መሰናበት የሚባል ነገር አለ አሉ።"

"አለ። ምክንያት ይፈልጋል። ምን ሆነህ ነው?"

"ሆዴን።"

"ምን ያደርግሃል?"

ትንሽ አሰበ። "አገሬ ሳለሁ አያመኝም ነበር" አለኝ።

በዚህ ብቻ ማመልከቻ አይጻፍም። የፍርድ ቤት በር ሙያዬን አወጣሁ። "ከውትድርና አገልግሎት ቀድሜ እንድሰናበት ስለመጠየቅ" ብዬ ጀመርኩና፣ ሆዱ በቁርጠት እየተቆራረጠ፣ እህል ከአፉ ሳይደርስ እየተመለሰ፣ ከቀን ወደ ቀን ወደ መቃብር አፋፍ እየተጠጋ መሆኑን ዘረዘርኩት። ጽፌ ስጨርስ አነበብኩለት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ፤ ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል።

"ይሄ ሁሉ እኔን ነው?"

"አንተን ነው።"

"ያረቢ! እንዲህ ታምሜያለሁ ለካ።"

ከታች "ግልባጭ" ብዬ ስጽፍ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ጉዳዩን ሌላም ሰው እንዲያውቀው የሚላክ ነው አልኩት። "እንዲያ ከሆነ አንዱን ለእናቴ" አለ። ቀልድ መስሎኝ አንድ ካርቦን ጨመርኩ። እሱ ግን ቀልዱን አልነበረም። ወረቀቱን አራት አጥፎ ወደ ግራና ገበያ ለሚወርድ ነጋዴ ሰጠው።

ሻምበሉ ማመልከቻውን ለሕክምና ክፍል መራው፤ ሕክምና ክፍሉ ነጭ ኪኒን ሰጠውና ነገሩ በዚያው አበቃ። አበቃ ብዬ ነበር።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ከበር በኩል የሴት ጩኸት ሰማሁ። "መቃብር አፋፍ ላይ ነው ብላችሁ ጻፋችሁልኝ! ቀብራችሁት ከሆነ መቃብሩን አሳዩኝ!" የራሴን ቃል ስሰማ ጆሮዬ ጋለ። ወጣሁ። አንዲት እናት፣ እግራቸው አቧራ ለብሶ፣ የእኔን ካርቦን ወረቀት እንደያዙ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የግራና አስተማሪ አንብቦላቸው ነው የመጡት። እስከ መርሳ በእግር፣ ከዚያ በጭነት መኪና።

"ማንን ነው የሚፈልጉት እማማ?"

"ሰይድን! ሰይድ አሊን፣ የግራናውን!"

"ሰይድ አሊ የሚባል እኛ ዘንድ የለም። እንድሪስ አሊ ነው ያለው።"

ሻሻቸውን ይዘው አፋቸው ላይ ለጠፉት። "እሱው ነው" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እንድሪስ ማለቴ ነው። አሮጊት ነኝ የኔ ልጅ፣ ተሳስቼ ነው።"

እናት የልጇን ስም አትሳሳትም። ደግሞም ልጁ እየሮጠ መጥቶ አንገታቸው ላይ ሲጠመጠም "ሰይዴ፣ ሰይዴ" እያሉ ነው የሳሙት። ዘበኛው ሰማ አልሰማ ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ዘበኛው ያመጡለትን እሸት እየበላ ነበር።

እናቱን ከሸኘ በኋላ ቢሮ አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። አልዋሸኝም፤ መዋሸትም አይችልበትም።

ገበሬ ማኅበሩ የዘማች ኮታ መጥቶበታል። ዝርዝሩ ላይ የሰፈረው ታላቅ ወንድሙ እንድሪስ ነው። እንድሪስ ሚስት አለው፣ ሦስት ልጆች አሉት፣ ትንሿ ገና ጡት አልጣለችም። በመሰብሰቢያው ቀን ግራና ገበያ ሜዳ ላይ ሁሉም ተሰለፈ፤ ሰይድ ወንድሙን ሊሸኝ አጠገቡ ቆሟል። "እንድሪስ አሊ!" ተባለ።

"አፉ እምቢ አለው ጋሼ። ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ድምፅ የለም። ደግመው ጠሩ። ወታደሮቹ መተያየት ጀመሩ። እኔ አቤት አልኩ።"

"ማንም አላየም?"

"ሁሉም አየ። ሊቀመንበሩም አየኝ። ቁጥሩ ከሞላለት ለሱ ምኑ ነው?"

"ዕድሜህ ስንት ነው?"

"መጪው ረመዳን ሲገባ አሥራ ስምንት ይሞላኛል መሰለኝ።"

ብድግ አልኩ። ምክንያት ፍለጋ ይህን ያህል ስንባዝን እውነቱ ራሱ በቂ ምክንያት ነበር። ዕድሜው አልደረሰም፣ ስሙም የእሱ አይደለም። ነገ ለሻምበሉ ልንገር፣ ከነገ ወዲያ አገርህ ነህ አልኩት።

"እንድሪስስ?"

"እንድሪስን ያመጡታላ። ስሙ የእሱ ነው።"

ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ማኅተም ሲያይ ቆየ። "እንዲያ ከሆነ ሌላ ምክንያት ፈልግልኝ" አለኝ። "አንተ የተማርክ ነህ።"

"ለምን ግን? ለእሱ ብለህ ልትሞት ነው?"

"መሞት አልፈልግም። አገሬ ልገባ ነው የምፈልገው። ግን አንዴ አቤት ብያለሁ።"

ተናደድኩ፤ ጅል ነህም አልኩት። እሱም "ነኝ" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻችንን ስንሆን ሰይድ፣ ሰው ፊት እንድሪስ እያልኩ መጥራት ጀመርኩ። ነገሩም ለእኔ የራሴ ጉዳይ ሆነ። እውነቱን ሳንነካ ይህን ልጅ ወደ ግንባር ሳይሄድ ወደ ቤቱ መመለስ ነበረብን።

ሁለተኛው ማመልከቻ የራሱ ሐሳብ ነው። ቡሬ የተባለው በሬው ከእሱ በቀር ለማንም ቀንበር እንደማይገባ፣ በዚህም ምክንያት የአርሶ አደር ቤተሰብ ጦሙን ሊያድር መሆኑን ይገልጻል። ሻምበሉ ምሳ ላይ ጮክ ብሎ ለመኮንኖቹ አነበበውና እስኪያነባ ሳቀ። ጥጉ ላይ በቀይ "በሬው ቀርቦ ይጠየቅ" ብሎ መለሰልን። ሦስተኛው ስለ ወንፈል ነው። ሻምበሉ ወንፈል ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ገበሬ ተሰብስቦ ዛሬ ያንተን ያርሳል፣ ነገ የእሱን ታርሳለህ፤ እንድሪስ ጓደኞቹ አርሰውለት ሳይመልስ ስለዘመተ ነው አልኩ። ሻምበሉ "ጦርነቱም ወንፈል ነው" ብሎ ጻፈበት። ሰይድ ይህን ስነግረው ከምር ተቀየመ። "ወንፈል እኮ የሚመለስ ነው" አለ። "ይሄንን ማን ይመልስልኛል?"

አራተኛውና አምስተኛው የእኔ ድርሰቶች ናቸው፤ ሲነበቡ ያምሩ ነበር፤ ያመጡልን ነገር ግን የለም። በመካከሉ ሁለት ጊዜ ሰው ወደ ሰሜን ወጣ። ሁለቱንም ጊዜ ለመጋዘን ጥበቃ ያስፈልጋል ብዬ የእሱን ስም ወደ ታች አወረድኩት። ሦስተኛ ጊዜ እንደማይሳካልኝ አውቅ ነበር።

ስድስተኛው ላይ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ይህ ልጅ ስሙ ሲጠራ እንደማይሰማ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ደንቆሮ ነው ብንልስ? ወታደር በጤና ምክንያት ቦርድ ይወጣል፤ ጆሮው የማይሰማ ደግሞ ጥበቃ ላይ ምን ይሠራል? ማመልከቻውን ጻፍኩ፤ ቀጠሮም ተሰጠን። ሦስት ቀን ከመጋዘን ኋላ አሠለጠንኩት። ከበስተጀርባው ሳህን እጥላለሁ፣ አጨበጭባለሁ፣ አልፌ ተርፌም "ሰይድ!" ብዬ እጮኻለሁ። "ሰይድ፣ እናትህ መጡ! ሰይድ፣ እባብ!" መጀመሪያ ላይ ይዘላል። በሦስተኛው ቀን ግን ቢጠሩት ቢጠሩት ዓይኑን አያርገበግብም። እንድሪስ በሚለው ስም አላሠለጠንኩትም። ለእሱማ ድሮውንም ደንቆሮ ነው ብዬ።

የቦርዱ ሰዎች ሦስት ነበሩ። ከኋላው የብረት ትሪ ጣሉ፤ እንደ ምሰሶ ቆመ። አጨበጨቡ፤ ዝም።  ዋናው ሐኪም ብዕሩን አነሳና ወረቀቱ ላይ እያየ፣ እንደ ተራ ነገር፣ "እንግዲህ... እንድሪስ አሊ" አለ።

"አቤት ጌታዬ!"

ሰላምታ ሰጥቶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሐኪሙ ሳቀ፣ ቦርዱ ሳቀ፣ በር ላይ የቆመው ነርስ ሳቀ። እኔ ግንባሬን ያዝኩ። ለካ ይሄን ያህል ጊዜ ሲጠራበት ስሙ ገብቶበት ኖሯል። ቅጣታችን የሁለት ሳምንት ውሃ መቅዳት ሆነ፤ እሱ በጀሪካን፣ እኔ በግልምጫ። ስንመለስ መንገድ ላይ፣ "ጋሼ አትዘንብኝ" አለኝ። "እንድሪስ ሲሉኝ፣ እሱን ሊወስዱት የመጡ እየመሰለኝ ቶሎ አቤት እላለሁ።"

ወር ሳይሞላ የመጨረሻው ትእዛዝ መጣ። ከጽሕፈት ቤቱ በቀር ሰፈሩ በሙሉ ወደ ግንባር ይንቀሳቀሳል። ወሬ ከመኪና ይፈጥናል፤ በሁለተኛው ቀን ግራና ደርሷል። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሰልፍ ላይ እንዳለን አንድ ሽርጥ ያገለደመ፣ ጥቁር ጢሙ ደረቱን የነካ አጭር ሰው ዘበኛውን ገፍቶ ገባና ሻምበሉ ፊት ቆመ።

"እንድሪስ አሊ እኔ ነኝ" አለ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ይሰማል። "ያ ልጅ ታናሼ ነው። በኔ ስም ነው የመጣ። በአላህ፣ እሱን ልቀቁና እኔን ውሰዱኝ።"

 ልጁ ስድስት ጊዜ የለመነው መሰናበቻ በሁለት እግሩ ቆሞ ፊቱ መጥቷል። አሁን አዎ ይላል፣ እንባው ይመጣል፣ ይሄዳል ብዬ ጠበቅሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲልም ፈለግሁ።

ሻምበሉ ዞረ። "እንድሪስ አሊ!"

"አቤት ጌታዬ!" አለ ሰይድ። በማግስቱ አልነበረም፤ ወዲያው ነው።

"ይሄን ሰውዬ ታውቀዋለህ?"

አየው። በደንብ አየው። "አላውቀውም ጌታዬ።"

"ሰይዴ!" አለ ወንድሙ። ሰይድ ፊት ለፊቱን ያያል። "ኧረ ሰይዴ! የእናቴ ልጅ! ዞር ብለህ እየኝ!" ሰይድ ንቅንቅ አላለም። ሦስት ቀን ያሠለጠንኩት ለካ ለዚህ ኖሯል። ወንድሙ ሲያለቅስ፣ ሲምል፣ ስሙን ሲጠራ ቆየና ዘበኞቹ ሁለት እጁን ይዘው ወደ በሩ ጎተቱት።

ሻምበሉ ወደ ሰይድ ተጠጋ። አገጩን እያየ፣ "ዕድሜዬ ሃያ ዘጠኝ ነው ብለህ ነው የተመዘገብከው?" አለው።

"አዎ ጌታዬ።"

"ጢም እንኳን የለህም።"

"በቤታችን ዘግይቶ ነው የሚበቅለው ጌታዬ።"

በሩ ላይ ጢማሙ ወንድሙ ገና እየተጎተተ ነበር። ማንም አልሳቀም።

ሻምበሉ ቢሮዬ ድረስ መጣ። እንዲህ ያለ ነገር አድርጎ አያውቅም። "ያ ማመልከቻ የታለ?"

"የትኛው ጌታዬ? በሬው?"

"የደንቆሮው።"

"ቦርዱ ይሰማል ብሎታል እኮ ጌታዬ።"

"ቦርዱን ተወው። እኔ ዛሬ በዓይኔ አይቻለሁ። የእናቱ ልጅ እያለቀሰ ሲጠራው የማይሰማ ሰው ደንቆሮ ካልሆነ ምን ይባላል? ጻፍ።"

ጻፍኩ። ሁለት ፊደል ስቻለሁ። ወታደር እንድሪስ አሊ በመስማት ችግር ምክንያት ከሠራዊቱ ተሰናብቷል። ፈረመ፣ ማኅተሙን ራሱ መታው። ወረቀቱን ሲያቀብለኝ ቀስ ብሎ፣ "ለወንድሙም ትበቃዋለች" አለ። ከዚያ በላይ ምንም አልተናገረም። በሳምንቱ ወደ ሰሜን ወጣ፤ አልተመለሰም። ስሙን መሰረዝ የእኔ ሥራ ነበርና ሰረዝኩት።

ለሰይድ አነበብኩለት። መጀመሪያ የጠየቀኝ የማን ስም እንዳለበት ነው። የእንድሪስ አልኩት።

"አልሐምዱሊላህ። እንግዲህ እሱን የሚነካው የለም።"

"አንተስ? ሰይድ አሊ እኮ ገና አልዘመተም። ነገ ኮታ ሲመጣ አንተን በስምህ ይጠሩሃል።"

ይህን አላሰበበትም ነበር። ትንሽ ቆሞ ሳቀ። "ደንቆሮ ነኝ እላለሁ" አለኝ። በእጁ የያዘውን ዱላ እንደ ሞፈር ትከሻው ላይ አጋደመ። ከበሩ ሳይወጣ ዘወር ብሎ "ሽንኩርቱን ውሃ አጠጣልኝ" አለኝና ሄደ። ጦሩ ተፈትቶ ሁሉም ወደ የቤቱ እስኪበተን ድረስ መርሳ ወንዝ ዳር አትክልት ውስጥ ሲሸሸግ እንደከረመ በኋላ ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ ወዳጅ ሆነን ኖርን። ግራና ስወርድ ክርስቲያን ጎረቤቱን ለምኖ ዶሮ ያሳርድልኛል፤ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ማር እየላሰ ስበላ ያየኛል። የሻምበሉን ስም አንድ ጊዜ ጠየቀኝና ነገርኩት። "ዱዓ ላይ ልጥራው ብዬ ነው" አለኝ። ክርስቲያን ነው ስለው፣ "አላህ ያውቀዋል" አለኝ።

የሁለቱ ወንድማማቾች ነገር ግን ያስቀኝም ያሳዝነኝም ነበር። እንድሪስ ብድሩን ሊመልስ ይፈልጋል። በየዓመቱ ሰይድ ሳይነሳ ጥማዱን ይዞ የሰይድን ማሳ ያርሳል። ሰይድ በማግስቱ ሄዶ የእንድሪስን ያርስለታል። እንድሪስ ያርማል፣ ሰይድ ያጭድለታል። አንድ ጊዜ፣ ይመልስልህ እንጂ፣ ሰውየው ልቡ እረፍት ያግኝ አልኩት።

"ምኑን ይመልስ?" አለኝ። "እኔ ምንም አላበደርኩ። ስም ጠሩ፣ አቤት አልኩ። በቃ።"

በቅርቡም ሌላ ጦርነት በደጃችን ሲያልፍ ስልክ ተቋርጦ ከርሞ በተመለሰ ቀን መጀመሪያ የደወለልኝ እሱ ነው። "ጋሼ አለህ?" አለኝ። አለሁ ስለው አላመነኝም። "እስቲ አቤት በለኝ" አለ። አቤት አልኩት። ሲያለቅስ ሰማሁት።

ከመርሳ በባጃጅ ግራና ስደርስ ጀናዛው ወጥቶ ነበር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተከትሏል። ተቀበረ፤ አፈሩ ተመለሰ። እነሱ ዘንድ ሰው አፈር ከለበሰ በኋላ ሸኹ ከራስጌው ይቀመጡና ሟቹን በስሙና በእናቱ ስም ይጠሩታል። መላኢካዎቹ መጥተው ሲጠይቁት እንዳይደነግጥ መልሱን ያስታውሱታል። ተልቂን ይሉታል። ሕዝቡ ጸጥ ብሎ ቆመ። እንድሪስ ከፊት ነበር፤ ያ ጥቁር ጢሙ ጥጥ መስሏል፣ በምርኩዝ ነው የቆመው።

"ያ ሰይድ!" አሉ ሸኹ። "ያ ሰይድ የዘሀራ ልጅ!"

"አቤት!" አለ እንድሪስ።

ጮክ ብሎ ነው ያለው። ሰው ተንጫጫ። ልጁ ደንግጦ ክንዱን ያዘና "አባባ፣ አንቱን አይደለም" አለው በሹክሹክታ። ሸኹ ግን አልተቆጡም፤ እስኪረጋጋ ጠብቀው ቀጠሉ።

ሲያበቃ ተጠግቼ እጁን ያዝኩት። ከተያየን ብዙ ዘመን ቢሆንም አወቀኝ።

"ያኔ አፌ እምቢ ብሎኝ ነው" አለኝ።